አልጋውን ገልብጠው ይዩት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛዋ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ትንሹ ገና 5 ወሩ ነው። እስካሁን ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው። አሁን 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ80 የሆነች ክፍል ለልጆቹ ለቀናል። ባለቤቴ ቦታ ስለሚቆጥብ ተደራራቢ አልጋ እንግዛ ይላል። እናቴ ደግሞ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፉላቸው፣ ከመሬት የወደቀ ልጅ የለም ትላለች። ፍራሹስ ስፖንጅ ይሻላል ወይስ ጥጥ? ሴቷ ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ ሌሊት ያመልጣታል። በብርዱ ጊዜስ ምን እናልብሳቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሩ። በእናትዎና በባለቤትዎ መካከል ሽማግሌ ሆኜ መቀመጥ አልፈልግም፤ ደግሞም ሁለቱም እውነት አላቸው። ባለቤትዎ የጠባቡን ክፍል ነገር አስበዋል፣ እናትዎ የመውደቁን ነገር አስበዋል። ሁለቱንም የሚያስማማ አልጋ አለ፤ እደርስበታለሁ። ደሴ ውስጥ አልጋ መሥራትና መጠገን ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ሥራውን ያስተማረኝም ከሠራሁት ይልቅ ተሰብሮ የመጣልኝ ነው።

ሰው አልጋ ሊገዛ ሲሄድ የሚያየው ራስጌውን ነው። ራስጌው ላይ ልብ ተቀርጾበታል፣ መስታወት ገብቶበታል፣ ሮዝ ቀለም ተቀብቷል፤ ዋጋውም የተቆለለው እዚያ ላይ ነው። ልጅ ግን ራስጌ ላይ አይተኛም። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ባለሱቁን «እስቲ ገልብጥልኝ» ይበሉት። ቅር ካለው ሌላ ሱቅ ይሂዱ። አልጋው ሲገለበጥ ርብራቡን ይቁጠሩ፤ በአንዱና በአንዱ መካከል አራት ጣትዎ በቀላሉ ከገባ ሰፍቷል፣ ስፖንጁ በየክፍተቱ እየሰመጠ በዓመቱ ጎድጓዳ ይሆናል። የጎን አግዳሚው ከእግሩ ጋር የተያያዘው በምን እንደሆነ ይዩ። በምስማር ብቻ ከሆነ ልጅ ስድስት ወር ሲዘልበት መንቋቋት ይጀምራል፤ አባት መዶሻ ያነሣል፣ ሌላ ምስማር ይጨምራል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። በብሎን የታሰረ ከሆነ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ በቁልፍ ማጥበቅ ይበቃዋል። መልካም አልጋ ከሥሩም ተልጓል። ከሥሩ ያልተላገ አልጋ የሠራ ሰው ሌላም የዘለለው ነገር እንዳለ ይጠርጥሩ።

ወደ ተደራራቢው አልጋ ልምጣ። አሁን አይግዙት። የላይኛው አልጋ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። «ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ እሱ ይተኛበት» ይሉ ይሆናል። እሱስ ይተኛበት፤ ግን እህቱ ወንድሟ የወጣበትን ሳትወጣ የምታድር ይመስልዎታል? መሰላል ክፍሉ ውስጥ አቁሞ የሦስት ዓመት ልጅን «አትውጪ» ማለት ውጪ እንደማለት ነው። በዚያ ላይ የብዙ ደሴ ቤት ኮርኒስ ዝቅ ያለ ነው። ከላይኛው ፍራሽ እስከ ኮርኒሱ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ካልተረፈ ልጁ ቁጭ ባለ ቁጥር ራሱን ይመታል፤ አምፖሉም ጸጉሩ አጠገብ ይሆናል።

ሴቷ 6 ዓመት ሲሞላት ሐሳቡ ተመልሶ ከመጣ ግን ጥቂት ነገር ይያዙ። የላይኛው አልጋ መከለያ ከፍራሹ ጫፍ በላይ ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር መቆም አለበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አልጋው ሲሠራ ለ10 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ ነበር፣ እናት አዝና ባለ 20 ታስገባበታለች፣ መከለያው ጠፋ ማለት ነው። መከለያው በግድግዳው በኩልም ይኑር፤ ልጅ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ገብቶ ይቀረቀራል። ክፍተቱም ከ7 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥ፤ ከዚያ ከሰፋ ገላ አልፎ ራስ ይያዛል። መሰላሉም የተደገፈ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ይሁን።

ለእናንተ ክፍል የምመክረው ከሥሩ ሌላ አልጋ የሚሳብለትን ነው። የላይኛው ባለ 90 ሆኖ ርዝመቱ 190 ይሁን፣ ወለሉ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ሥሩ በመንኮራኩር የሚሄድ ሣጥን መሰል አልጋ ይገባል። ማታ ሲሳብ ሁለቱ ጎን ለጎን 1 ሜትር ከ80 ይይዛሉ፤ ከ2 ሜትር ከ80 ላይ አንድ ሜትር መተላለፊያ ይተርፍዎታል። ቀን ሲገፋ ክፍሉ የመጫወቻ ቦታ ያገኛል፤ ባለቤትዎ የፈለጉት ይኸው ነው። ሴቷ የምትተኛው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ነው። ብትወድቅ ተንከባልላ ምንጣፍ ላይ ታርፋለች፤ እናትዎ ያሉትም ይኸው ነው። በቀጥታ መሬት ላይ ማንጠፉን ግን ለደሴ አልደግፍም። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ፣ መሬት ላይ የተኛ ፍራሽ ከሥሩ ይረጥባል፣ ይሻግታል፤ ሽታው ከመታወቁ በፊት ልጁ ማሳል ይጀምራል። በሣጥኑ አልጋም ላይ ይኸው ይጠበቃል፤ ጠዋት ልጅ እንደተነሣ ወዲያው አይግፉት። ልብሱን ገልጠው፣ መስኮት ከፍተው፣ አንድ ሰዓት አየር ከመታው በኋላ ይግባ። ወለሉ ኮምፔርሳቶ ከሆነ አናጢው በየመዳፉ ርቀት ቀዳዳ ይብሳበት። ማታ ሲሳብ እንዳይንሸራተት መንኮራኩሩ መቆለፊያ ያለው ይሁን።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ለአንድ ቤተሰብ የልጅ አልጋ ሠራሁ። በአራቱም ማዕዘን ቋሚው ከፍ ብሎ ጫፉ ላይ ጉልላት ነበረው፤ አምሮልኝ እኔም ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አባትየው መጣ። ሰላምታም አላስቀደመም፤ ከኪሱ የተበጠሰ የማተብ ክር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የ4 ዓመቱ ልጅ ከአልጋው ተንሸራቶ ሲወርድ ማተቡ ጉልላቱ ላይ ተጠልፎ ነበር። ክሩ አሮጌ ስለነበር ተበጠሰ፤ ልጁ አንገቱ ላይ ቀይ መስመር ይዞ ተረፈ። በፋሲካ የታሰረ አዲስ ክር ቢሆን ኖሮ ማሰብ አልፈልግም። የዚያን ቀን ሱቄ ውስጥ የቀረውን ጉልላት ሁሉ በመጋዝ ቆረጥኩት።

ወሎ ላይ አንዱ ቤት ማተብ አለ፣ ሌላው ቤት ክታብ አለ፤ አያቶች ከሁለቱም ወገን የሆኑበት ቤት ሁለቱም አለ። ማንንም አውልቁ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። አውልቁ የምለው መንጠቆውን ነው። የአልጋው ቋሚ ከአግዳሚው ጋር እኩል ይቆረጥ፣ ጫፉም ይደፈን። ማንጠልጠያ፣ የተቆለመመ ምስማር፣ ከራስጌው የተፈለቀቀ ጌጥ ካለ ይነቀል። የመጋረጃውን ገመድ ከአልጋው ያርቁት። ባለገመድ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ መተኛትም ይቅር።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። አካባቢያችን ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ሳይደርቅ ከተሠራ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ተደርድሮ ለመድረቅ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ «ባለፈው ወር ነው ያስገባሁት» የሚል አናጢ ካጋጠመዎት ይለፉት። ዋንዛ ካገኙ ቀላልና ታዛዥ እንጨት ነው፤ ከሕጋዊ ቦታ የመጣ መሆኑን ግን ይጠይቁ። ቺፑድ ለእናንተ ቤት አይሆንም፤ ሌሊት የሚያመልጣት ልጅ ባለችበት ቤት እርጥበት ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ቪቴውም ይለቃል። ብረት ሰው ይንቀዋል እንጂ ለልጅ መጥፎ አይደለም፤ ትኋንም አይመቸውም። እንጨትም ሆነ ብረት ከመክፈልዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ፦ አሮጌ ካልሲ እጅዎ ላይ ያጥልቁና በጠርዙ፣ በመገጣጠሚያው፣ ከሥሩም ሳይቀር ያሳልፉት። ካልሲው የተያዘበት ቦታ ነገ የልጁ ቆዳ የሚያዝበት ነው። ባለሱቁ ዕዚያው ቆሞ እያለ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሞረድ ያስተካክልልዎ።

የቀለሙን ነገር ይጠይቁ። ልጅ ጥርስ ሲያበቅል መጀመሪያ የሚነክሰው የአልጋውን አግዳሚ ነው፤ ትንሹ ልጅዎ በቅርቡ ይጀምራል። በአገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ ነው። እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። የቆርቆሮውን ጽሑፍ ማየት ካልቻሉ፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ ከሆነ፣ ሳይቀባ በውሃ የሚሟሟ ቫርኒሽ ብቻ ተደርጎለት ይውሰዱት። የአያት አልጋ ታድሶ ለልጅ ሲሰጥም አሮጌውን ቀለም በደረቁ አይፋቁት፤ ብናኙ ከቀለሙ የባሰ ነው።

አሁን ፍራሹ፤ ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ወይስ ስፖንጅ ላሉት፣ የጥጥ ፍራሽ ኩሩ ነገር ነው፤ ሲጓጉል ተፈቶ፣ ተፈልቅቆ፣ ተነድፎ እንደ አዲስ ይሰፋል። ሌሊት ለሚያመልጣት ልጅ በደሴ ክረምት ግን አይሆንም፤ አንዴ ከራሰ እስከ መስቀል ላይደርቅ ይችላል። ስፖንጅ ይግዙ። ችግሩ ሁሉም ስፖንጅ አዲስ ሲሆን ጥሩ መሆኑ ነው። «ሃርድ ነው» ይልዎታል ሻጩ፤ ሁሉም ሃርድ ነው። የሚታመነው ሚዛን ነው። የስፖንጅ ጥራት የሚገመተው አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል በሚለው ነው፤ ለልጅ ቢያንስ 25 ይሁን። እንዲህ ያስሉት፦ ወርዱ 90፣ ርዝመቱ 190፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ሩብ ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ስለዚህ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ መመዘን አለበት። 4 ኪሎ ከሆነ ገንዘብ የከፈሉት ለአየር ነው። ጎረቤት ካለ እህል ሻጭ ሚዛን ይዋሱ፤ አያፍሩ፣ እኔም ሳላፍር አድርጌዋለሁ። አንድ ማታለያ አለ፤ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ተፈጭቶና ተጣብቆ የተሠራም ሚዛን ላይ ከባድ ነው። ዚፑን ከፍተው ይዩ፤ ውስጡ እንደ ንፍሮ ዝንጉርጉር ከሆነ እሱ ነው፤ ለልጅ ጀርባ ድንጋይ ነው። ለታችኛው አልጋ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። በፍራሹና በአልጋው ጠርዝ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ ያንሳል፤ ለትንሹ አልጋ ይህ የግድ ነው።

ሌሊት ስለሚያመልጣት ልጅ አይጨነቁ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፣ አይቆጧትም። ፍራሹ በጨርቅ ልብሱ እንዳለ ይቅርና በላዩ ላይ ሙሻማ ወይም ወፈር ያለ ላስቲክ ይወጠር፤ ጫፉ ከፍራሹ ሥር እስኪገባ ድረስ ይታጠፍ፣ እንዲያው የተጣለ ላስቲክ ፊት ላይ ይወጣልና። በላስቲኩ ላይ ያረጀ ወፍራም ፎጣ፣ በፎጣው ላይ አንሶላ። ከዚያ ይህንኑ ይድገሙት፤ ሌላ ላስቲክ፣ ሌላ ፎጣ፣ ሌላ አንሶላ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲረጥብ የላይኛውን ድርብ ብቻ ገፈው ይጥሉታል፤ ከሥሩ የተነጠፈ አልጋ ይጠብቃታል፤ መብራትም ሳይበራ፣ ወንድሟም ሳይነቃ።

ልብሱን በተመለከተ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ይለያል። ለኮምቦልቻ ልጅ የሚበቃ ልብስ ለሆጤ ልጅ አይበቃም። ግን ብዙ ሰው ብርዱን ከላይ ሲያባርር ብርዱ ከታች ይገባል። በርብራቡ ሥር የሚነፍሰው አየር ስስ ስፖንጅን አልፎ ወገብ ይይዛል። ያለ ምክንያት አይደለም አያቶቻችን አጎዛ ከላይ ሳይሆን ከሥር ያነጥፉ የነበረው። እናትዎ ቤት አሮጌ የበግ ጠጉር ባና ካለ ልጆቹ ላይ አይጫኑት፤ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል። ከአንሶላው ሥር ያንጥፉትና ውጤቱን ማታ በእጅዎ ይዩት። ከላይ የጥጥ አንሶላ፣ ቀጥሎ ጋቢ፣ በላዩ ቀላል ብርድ ልብስ። ሙቀት የሚይዘው በልብሶቹ መካከል ያለው አየር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ቀላል ከአንድ ከባድ ይበልጣል። ያ ጸጉራም፣ ነብር የተሳለበት፣ በዚፕ ሻንጣ የሚሸጠው ከባድ ብርድ ልብስ ልጅን ያልባል፤ ልጁ ይገፈዋል፣ ራቁቱን ያድራል፣ ጠዋት ይስላል። ጋቢው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሁሉም ውጭ ይሰጣ። ትራስ ለሴቷ ስስ ይሁን።

ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ የምትወርዱ ከሆነ፣ እዚያ ዋናው የአልጋ ልብስ አጎበር ነው። አዲስ አጎበር ከማሸጊያው ሲወጣ አንድ ቀን ሙሉ በጥላ ይናፈስ፣ ከዚያ ከግድግዳው ወይም ከኮርኒሱ ይሰቀል፤ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይወሸቅ። ከአልጋው ጉልላት ላይ ይታሰር የሚለኝ አይጠፋም፤ ጉልላት ከዚህ ቀደም ምን እንዳደረገ ነግሬያችኋለሁ።

የ5 ወሩ ልጅ ገና ወደዚያ ክፍል አይሂድ። ዓመት እስኪሞላው፣ ቢያንስ ግን 6 ወር እስኪያልፈው፣ በእናንተ ክፍል፣ በራሱ አልጋ፣ ከእርስዎ አልጋ አጠገብ ይተኛ። አልጋው ውስጥ ጠንከር ያለ ፍራሽና የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይሁን። ትራስ የለም፣ አጎዛ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ በዙሪያው የሚታሰር ስፖንጅም የለም፤ ለስላሳ ነገር ሁሉ አፍንጫ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በጀርባው ይተኛ። እናቶች ሲያዩት ባዶ ሆኖ ያሳዝናቸዋል፣ አውቃለሁ፤ ከብርዱ የሚጠብቀው የለበሰው ሙቅ ልብስ ነው እንጂ የተጫነበት ጋቢ አይደለም። የአግዳሚዎቹ ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ አሮጌ አልጋ ተሰጥቷችሁ ከሆነ አይቀበሉ፤ ማንሸራተቻው እያለቀ ሕፃን የሚቀረቀርበት ስለሆነ አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች።

አንድ ሳልጠየቅ የምናገረው አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ልጆቹ ክፍል ከሰል ይገባል? «ጭሱ ካለፈ፣ ፍሙ ከቀላ ምንም አይልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ገዳዩ ጋዝ የሚወጣው ግን ከቀላው ፍም ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛም አይነቃም። ስፖንጅም እሳት ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። ከሰሉ ከቤት ውጭ ይቅር። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ልጆቹ ከመተኛታቸው ሩብ ሰዓት በፊት አልጋው ውስጥ ያስገቡት፤ ሲተኙ ያውጡት።

ትኋን ከመጣ ነጭ ጋዝና የእርሻ መድኃኒት አይንኩ፤ የሚተኛበት ልጅ ነው። የሚደበቀው በመገጣጠሚያውና በፍራሹ ስፌት ውስጥ ነው፤ የፈላ ውሃ በየመገጣጠሚያው፣ ልብሱ በ60 ዲግሪ ውሃ፣ ፍራሹ ደግሞ ስፌት በስፌት በእጅ ተፈትሾ። ሳይበላ ወራት ስለሚቆይ በአንድ ቀን ሥራ አይበቃም፤ በየሳምንቱ ለወር ይድገሙት። አልጋው በብሎን የታሰረ ይሁን ያልኩት ለዚህም ነው፤ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል።

ሳያዙ በፊት የበራችሁን ስፋት ይለኩ። አንድ ጊዜ ሙሉውን የተገጠመ አልጋ በሦስት ሰው ተሸክመን ሄደን በሩ አላስገባን ብሎ፣ ልጆቹ እያዩ ደጃፍ ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፍየዋለሁ። ልጆቹ በጣም ነው የሳቁት፤ እኔ አልሳቅኩም።